ደጁን የሚጠርገው ማን ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ ሲያገኙኝ፣ ስለ ጤናዬ ከመጠየቃቸው በፊት «የኦድቫርን ብሩሽ የወሰድከው አንተ ነህ አይደል?» ይሉኛል። እኔ አልወሰድኩም። ማን እጅ እንደገባ ግን አውቃለሁ። ነገሩ መንገድ ላይ ቆሞ የሚነገር ስላልሆነ ሁልጊዜ «ኔይ፣ እኔ ጋ የለም» ብዬ አልፋለሁ። አሁን ጊዜ አለኝ። ኦስሎ፣ ሃውገሩድ ከሚገኘው ቤታችን መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ ቲባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ ሲመጣና ሲሄድ ከማየት ሌላ ሥራ የለኝም። ባለቤቴ ዘሃራም «ስትንጎራደድ ወለሉን ጨረስከው፤ ወይ ጻፈው ወይ ውጣ» ብላኛለች። ውጭው ይበርዳል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

እንጨት የለመድኩት ደሴ፣ ፒያሳ፣ አጎቴ ሱቅ ውስጥ ነው። በርና መስኮት፣ አልጋና ቁምሳጥን እንሠራ ነበር። አጎቴ ሰው አያመሰግንም፣ እንጨት ግን ያመሰግናል። ጥሩ የወይራ ጉማጅ ሲያገኝ «ማሻአላህ» እያለ ያገላብጠዋል፤ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ «ደህና ሠርተሃል» ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ አዲስ አበባ ገብቼ መርካቶ አካባቢ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ተቀጠርኩ። እዚያ የተማርኩት ፍጥነትን ነው። ፍጥነት በኋላ ምን እንዳመጣብኝ እደርስበታለሁ። ከአገር የወጣሁበትን መንገድ እዚህ አላነሳውም፤ እያንዳንዱ ስደተኛ የራሱ አለው፣ የኔም ከሌላው የተለየ አይደለም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኦስሎ ስደርስ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ከባርነሃገ ባርነሃገ፣ ከአንዱ መዋዕለ ሕፃናት ወደ ሌላው፣ እየዞሩ የሕፃናት መጫወቻና አጥር መጠገን ነበር። ሥራው አያስከፋም። ልጆቹ አጥር ስር ተሰብስበው ምስማር ስመታ ይቆጥሩልኛል፣ ኖርዌጅኛ ቁጥር ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው። አንድ ቀን የተሰበረ የአሻንጉሊት ቤት አምጥተው አፍንጫዬ ስር አስቀመጡት። ጠገንኩትና፣ ደረጃ ስላልነበረው ደግሞ ደረጃ ሠራሁለት። ፎቅ ያለው ቤት ያለ ደረጃ አላስችለኝ ብሎ እንጂ ማንም አላዘዘኝም። ልጇን ልትወስድ የመጣች ቱሪድ የምትባል ሴት ተንበርክካ ደረጃውን አየችና «ይህን የሠራው ማን ነው?» አለች። ቱሪድ የአንድ ሙዚየም ክፍል ኃላፊ ነበረች። በበጋው መጨረሻ ቤትና ከተማን በትንሹ አስመስሎ የሚሠራው የሙዚየሙ የሞዴል ሥራ ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከአጥሩ ትንሽ ይሻል ነበር፤ የሚሞላው ወረቀት ግን ከአጥሩም ይረዝማል።

የሥራ ቤቱ ሹም ኦድቫር ነበር። ሽማግሌ፣ ረጅም፣ ትንሽ የሚያነክስ ሰው። እኛ አገር ቢሆን ጋሽ ኦድቫር ብዬ ተነሥቼ ነበር የምቀበለው፤ እዚህ ግን ሚኒስትሩም በስሙ ነው የሚጠራው፣ እኔም ለመድኩት። የመጀመሪያ ቀን አንድ ጣውላ አቀበለኝና «ይኸው» ብሎኝ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ምን እንደማደርገው አልነገረኝም። ምሳ ላይ «ታዲያ፣ ጣውላው ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ጉረኛ ነኝና «ወደ ግራ እጣመማለሁ አለኝ» አልኩት። ጣውላውን በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አየውና ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ተግባባን።

ኦድቫር ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ነበረው። የዓሣ አጥማጅ ጎጆ ይሁን የቄስ ቤት፣ ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ጣቱን በሩ ላይ ያደርግና «ደጁን የሚጠርገው ማን ነው?» ይላል። መልሱ እስኪገኝ መጋዝ አያነሣም። መጀመሪያ የሽማግሌ ነገር መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ገባኝ፤ የሚጠርገውን ሰው ካወቅህ መጥረጊያው የሚቆምበትን ጥግ ታውቃለህ፣ ጥጉን ካወቅህ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ታውቃለህ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ራሱ ይመጣል።

ሌላው ልማዱ ጣውላ ማስለመድ ነው። ሞዴሉ የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ጥሬውን እንጨት ወስዶ ግድግዳ ያስደግፈዋል፤ እዚያም ወራት ይቆያል። ጎብኚዎች ያ ሁሉ ጣውላ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ዘበኛው «እንግዳ ነው፣ ቤቱን እየለመደ ነው» ይላቸዋል። ሦስተኛው ያ ብሩሽ ነው። አጭር እጀታ ያለው፣ በፈረስ ጭራ የተሠራ፣ ሥራ ሲያበቃ የሞዴሉን አቧራ የሚጠርግበት። ለማንም አያውስም። አንዴ ቱሪድ ጠይቃው «የጥርስ ብሩሽሽን ታውሺኛለሽ?» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዓመት በኋላ ቱሪድ ትልቁን ሥራ አመጣች። ሰው ከበረዶ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ሊዘጋጅ ነው፤ አንዱ ሞዴል ከሰሜን ኖርዌይ፣ ሌላው ከጃፓን የአንዲት ትንሽ ከተማ። የከተማዋን ስም አልጽፈውም፤ ትንሽ ስለሆነች ስሟን ከጻፍኩ የማወራላችሁ ሴትዮ ማን እንደሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሥራ ቤት ውስጥም ማናችንም በስሟ አልጠራናትም፤ «ቢየን» እንል ነበር፣ ከተማዋ እንደማለት።

ቢየን በትልቁ ደሴት በስተምዕራብ፣ ወደ ኮሪያ በሚያይ ባሕር ዳር ናት። ከጀርባዋ ተራራ አለ። ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከተራራው ጋር ሲጋጭ በረዶውን እዚያው ያራግፋል። የኦስሎ በረዶ እንደ ዱቄት ይነፋል፤ የቢየን በረዶ ግን እርጥብና ከባድ ነው፣ ጣሪያ ይሰብራል፣ የምድር ቤቱን መስኮት ይውጣል። መሐሏን ወንዝ ይከፍላታል፤ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ላይ ትንሽ ወደብ አለች። ይህን ሁሉ ካርታውና ፎቶግራፉ ነገሩን። ደጁን ማን እንደሚጠርግ ግን ካርታ አይናገርም። ኦድቫር እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

በዚህ ነው ወይዘሮ ፉሚኮ የመጡት። ቱሪድ አጠያይቃ አገኘቻቸው፤ የዚያችው ከተማ ልጅ፣ የኖርዌጅያን መርከብ መካኒክ አግብተው የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቬስትሊ የቲባኑ መጨረሻ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ። ቁመታቸው አጭር፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ የባላቸውን ትልቅ ካፖርት ለብሰው የሚመጡ ሴት ነበሩ። ኖርዌጅኛ አንቱታ ከጣለ ቆይቷል፤ እኔ ግን በአፌ አንተና አንቺ እያልኩ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። በየሐሙሱ ይመጡ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር የማልበላው ምን እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ሩዝ በባሕር ቅጠል ጠቅልለው ሲያመጡ የኔ ለብቻው ነበር።

የከተማዋን ታሪክ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው። ድሮ አንድ ገዥ ወንዙ አጠገብ ግንብ ሠርቶ ነጋዴውንና ባለ እጁን በግንቡ ዙሪያ አሰፈረ። ግብር የሚጣለው በደጁ ስፋት ልክ ስለነበር ሰው ሁሉ ጠባብና ረጅም ቤት ሠራ፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ጓሮ። ግንቡ ጠፍቶ ዙሪያው የተቆፈረው የውሃ ቦይ ቀረ። በበጋ ቦዩ በትልልቅ የውሃ አበባ ይሸፈናል፤ ሴቶቹ ሊያዩት ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ። በክረምት እርሻው በረዶ ስለሚለብስ ወንዶቹ የሩዝ መጠጥ ለመጥመቅ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ጣሪያ ላይ ወጥተው በረዶ የሚዝቁት ሴቶች ናቸው።

«አንተ መጠጡን አትቀምስም አሉ» አሉኝ።

«አልቀምስም።»

«ግድ የለም። የመጠጡን በርሜል የሚሠራው አባቴ ነበር፣ እሱም አይቀምስም ነበር። ይልቅ እንጨቱን ያሸተው ነበር።»

በርሜል ሠሪ ነው ሲሉኝ ልቤ ወደ ሰውየው ሄደ። ያለ ምስማር፣ ያለ ኮላ፣ እንጨት ከእንጨት አጋጥሞ ውሃ የማያስወጣ ሰው የእጅ ሥራ ወንድሜ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የበረንዳው ነገር ነው። በቢየን እያንዳንዱ ቤት ከገዛ መሬቱ ላይ ፊቱን ቀንሶ በረንዳ ያወጣል፤ ክዳኑ ከጎረቤቱ ክዳን ጋር ይገጥማል፣ የጎረቤቱም ከሚቀጥለው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከድልድዩ እስከ ባቡር ጣቢያው በሰው ደጅ በሰው ደጅ፣ በረዶ ሳይነካው ይሄዳል። ከመንገዱ መሐል በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ይከመራል፤ ከክዳኑ ስር ግን ሱቁ ክፍት ነው፣ ሽማግሌዎች ቆመው ይጫወታሉ። መሬቱ የግል ነው፣ መንገዱ የሁሉ ነው። አንዱ ክዳኑን ቢያነሣ መንገዱ ሁሉ ይሰበራል።

«ያዘዛቸው ማን ነው?» አልኳቸው።

«ማንም። በረዶው ነዋ።»

ደሴ ትዝ አለችኝ። ዝናብ ሲመጣ ሱቅ በረንዳ ስር እንሮጣለን፤ ባለ ሱቁ ግን «ደጄን አትዝጉብኝ፣ ዘወር በሉ» ይለን ነበር። ይህን ስነግራቸው ወይዘሮ ፉሚኮ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። «እኛም ጋ እንደዚያ የሚል ሰው ይኖራል፤ ግን በልቡ ነው የሚለው» አሉ።

ኦድቫር በየቤቱ እየጠየቀ፣ እሳቸው እየመለሱ ሄድን። ዣንጥላ ሠሪው ጋ የሚጠርገው አማቱ ነው። ምንጣፍ ሠሪው ጋ ሚስቱ ናት፤ ስትጠርግ ትዘፍናለች። በሁለቱ መሐል ያለው የአባታቸው ቤት ነው። ኦድቫር ጣቱን በሩ ላይ አድርጎ «እዚህስ?» ሲላቸው ወደ ወንዙ አሳዩና «እዚያ ጋ ጀልባ ጎድሏል» አሉ። ሌላ ጊዜም ደግሞ ጠየቃቸው፤ ያን ዕለት ደግሞ ራሳቸውን አመማቸው። ኦድቫር ሰው አያስጨንቅም፤ ተወው። የአባትየው ቤት ብቻ ሳይመለስ ቀረ። አንድ ሌላ ነገርም አስተዋልኩ። ቱሪድ ለዐውደ ርእዩ ምርቃት ከከተማዋ ሰዎች እንደሚመጡ ስትነግራቸው «እነማን? ከየትኛው ሰፈር?» ብለው ደጋግመው ጠየቋት። ናፍቆት መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። በመከር ኦድቫር ዳሌውን ሊታከም ሆስፒታል ገባ፤ ሲከመልዲንጉም፣ የሕመም ፈቃዱ፣ ረጅም ነበር። የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል። ቱሪድ «እንድሪስ፣ ታደርሰዋለህ?» አለችኝ፤ እኔ ደግሞ የመርካቶ ልጅ፣ «ያ፣ ያ» አልኳት፣ አዎ አዎ እንደማለት። ለሞዴሉ መሠረት የሚሆነውን ጣውላ አዳራሹ ውስጥ ሳላቆይ፣ ከኦስሎ ወደብ አጠገብ ካለው እርጥብ መጋዘን አውጥቼ ቀጥታ አጣበቅሁት። አንድ ነገር አላሰብኩም አይባልም። ብርድ ሲመጣ እንጨት እንደሚያብጥ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ደሴ በሐምሌ አብጦ መቃኑን የማይነክስ በር የለም። ስለዚህ ዳር ዳሩን ለማበጫ ክፍተት ተውኩለትና ጣውላውን ግን በግራም በቀኝም ከብረት ክፈፉ ጋር በኮላና በብሎን አጥብቄ አሰርኩት። በጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር። ከላዩ ከተማዋን ሠራሁ፤ ወንዙን፣ ቦዩን፣ ጠባቦቹን ቤቶች፣ ከድልድዩ እስከ ጣቢያው የሚሄደውን የበረንዳ ክዳን በሙሉ።

በገና ሰሞን ማሞቂያው ሲቀጣጠል አንድ ጠዋት አዳራሽ ገብቼ መብራት አበራሁ። ቢየን ከድልድዩ እስከ ባቡር ጣቢያው በዋናው መንገድ ላይ ለሁለት ተሰንጥቃለች። የበረንዳው ክዳኖች ግማሹ ተሰብሮ፣ ግማሹ ተገንጥሎ፣ መንገዱ ላይ ረግፏል። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሄጄ ለቱሪድ ነገርኳት።

«ይጠገናል?» አለች።

«ኔይ። እንደገና ነው የሚሠራው።»

ፊቷ ነጭ ወረቀት መሰለ፤ ክፉ ቃል ግን አልወጣትም። ምርቃቱን ወደ ጸደይ አዛወረችው። ለበላዮቿ ምን ብላ እንዳስረዳች አላውቅም።

ኦድቫር በምርኩዝ መጣ። ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ተከትሎ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ምን እንዳሰብኩ ነገርኩት። «አገርህ በብርድ ወራት ዝናብ አለ» አለኝ። «እዚህ ብርዱ ውጭ ነው፤ ቤት ውስጥ እሳት አለ። እሳቱ የእንጨቱን ውሃ ይጠጣዋል። እንጨቱ ሊኮማተር ፈለገ፣ አንተ አሰርከው። ከንፈርህ በየክረምቱ ሲሰነጠቅ አይተህ አታውቅም?»

አይቼ አውቃለሁ። ቅባት እየቀባሁ ከርሜያለሁ። ከንፈሬ ለእንጨት ይመሰክራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። ኦድቫር ያን ብሩሹን አወጣና የረገፉትን ክዳኖች አንድ በአንድ ጠርጎ ሳጥን ውስጥ ሰበሰበልኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ቢሰድበኝ አላለቅስም ነበር።

አዲሱ ጣውላ አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቤቱን ሲለምድ፣ እኔና ወይዘሮ ፉሚኮ ሳጥኑን መሐላችን አድርገን የተረፉትን ክዳኖች መለየት ጀመርን። እሳቸው ስብርባሪውን እያነሡ «ይሄ የዳቦ ቤቱ፣ ይሄ የሐኪሙ» ይሉኛል፣ እኔ ከጀርባው ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ሐሙስ አንዷን አነሡና አላቀበሉኝም። ትንሽ ናት፣ ከትንሿ ጣት አትበልጥም። እንደያዟት ቀሩ።

«የማን ናት?» አልኳቸው።

«የአባቴ። ይህችን አትለጥፋት።»

«ለምን?»

ብርጭቆ ወረቀቴን አስቀመጥኩ። ከዚያ በዝግታ ነገሩኝ። የባላቸው መርከብ ለጥገና ወደቡ ላይ አንድ ክረምት ከርማ ነበር። እሳቸው ወደቡ ላይ ባለ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበርና ተዋወቁ። ሰፈሩ አወቀ። በበረንዳው ስር የሚያልፈው ሁሉ በርሜል ሠሪው ደጅ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሲያልፍ ይስቃል። አባትየው ሁሉንም ይሰማል። እሳቸው ሊሄዱ ዕቃቸውን ይዘው በወጡበት ቀን፣ አባታቸው መሰላል ላይ ቆሞ የገዛ ደጁን ክዳን በመጋዝ እየቆረጠ ነበር።

«ምን አለዎት?»

«እኔን አላየኝም። ለመንገዱ ነው የተናገረው፤ ‘ልጄን እያሙ በእኔ ክዳን ስር በደረቁ አያልፉም’ አለ። ጣቢያው ስደርስ ዞሬ አየሁ። በረዶው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይወርድ ነበር።»

አባታቸው አልጻፈላቸውም፤ እሳቸውም አልጻፉለትም። መሞቱን የነገራቸው ሩቅ ዘመድ ነው፤ ከዚያ ሌላ ወሬ አልመጣም። «ቬስትሊ በረዶ ሲጥል» አሉኝ «አሮጊቶች ሸክም ይዘው እዚያች ቦታ ከበረንዳው ሲወርዱ፣ ሲያዳልጣቸው ይታየኛል። በእኔ ምክንያት። አሁን ሰዎቹ ይመጣሉ። ክዳኑን ሙሉ አድርጌ ባሳያቸው ውሸታም ይሉኛል። ቆርጬ ባሳያቸው አባቴን ድጋሚ አደባባይ አወጣዋለሁ። የቱን ላድርግ?»

ክዳኗን እጃቸው ላይ ትቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ዘሃራ ከአረጋውያን ቤት ሥራዋ ገብታ እግሯን ዘርግታ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት።

«ቁረጥ ካሉህ ትቆርጣለህ፣ ተወው ካሉህ ትተወዋለህ» አለችኝ። «የሰው አባት ነው። አንተ አናጢ ነህ እንጂ ሽማግሌ አይደለህም።»

«ያ፣ እሱማ ልክ ነሽ።»

«ግን እኔ ያልገባኝ» አለች፣ ካልሲዋን እያወለቀች፣ «ጎረቤት የለም እንዴ? ሰውዬው ተናዶ ቆረጠ፣ እሺ። ጎረቤት ቆሞ አየው?»

ይህን ወይዘሮ ፉሚኮን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «ክፍት ይሁን» አሉ። «እኔ ያየሁት እንደዚያ ነው።» ስለዚህ አዲሲቱን ቢየን ስሠራ የዣንጥላ ሠሪውን ክዳን አቆምኩ፣ የምንጣፍ ሠሪውን አቆምኩ፣ መሐላቸውን ክፍት ተውኩት። ለበረዶ የምንጠቀምበትን የዕብነ በረድ ዱቄት በወንፊት ነፋሁበት፤ በርሜል ሠሪው ደጅ ላይ ተከመረ። በዚህ ጊዜ ጣውላውን በመሐል ብቻ ያዝኩት፤ ዳሩ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ ለቀቅሁት። እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።

ምርቃቱ በጸደይ ሆነ። ከከተማዋ የመጡት እንግዶች ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሞዴሉን ዞሩት። ቱሪድ ንግግር አደረገች። ወይዘሮ ፉሚኮ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል፤ ካፖርቱን በእጃቸው ጨምድደው ይዘውታል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ከሁሉም የሚያረጀው፣ መንገዱን ከድልድዩ ጀምሮ በዓይኑ እየሄደ መጣ፤ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን አሳየና አንድ ነገር ተናገረ። ወይዘሮ ፉሚኮ ቀረቡ። የሆነ ነገር ተባባሉ፤ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አየ፣ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣቸው።

ወደ እኔና ወደ ኦድቫር ዞረው ተረጎሙልን። «የዣንጥላ ሠሪው ልጅ ነው። ከእኔ በሁለት ክፍል ይቀድም ነበር። እዚህ ጋ ስህተት አለ ይላል።»

«ምን ስህተት?» አልኩ።

ሽማግሌው እየተናገረ፣ እሳቸው ቃል በቃል እየተከተሉ ቀጠሉ። «ክፍት አልነበረም ይላል። ያንን ክረምት እንኳ ክፍት አልዋለም። የእሱ አባት ከዚህ ወገን… ምንጣፍ ሠሪው ከዚያ ወገን… ክዳናቸውን አስረዘሙት። በእኛ ደጅ ላይ፣ በእኛ መሬት ላይ፣ እስኪገናኝ። አባቴን አልጠየቁትም። አባቴ በሩን ከፍቶ ቆሞ ያያቸው ነበር ይላል። አልከለከላቸውም።» ቀና ብለው አዩን። «እኩል አልመጣም ይላል። የአንዱ ከፍ፣ የአንዱ ዝቅ ብሎ፣ መጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥብ ነበር። በዚያ ያለፈ ሁሉ አንገቱ ላይ ጠብ ይልበትና ይስቃል።»

ኦድቫር በምርኩዙ ወደ ፊት ጠጋ አለ። ያንን መልስ ያላገኘበትን ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ ግን ረጋ አድርጎ። «ደጁን የሚጠርገው ማን ነበር?»

ወይዘሮ ፉሚኮ ለሽማግሌው አስተላለፉ። ሽማግሌው መለሰ፤ በእጁም ከዣንጥላ ሠሪው ደጅ ጀምሮ እስከ ምንጣፍ ሠሪው ድረስ አሳየ። እሳቸው አልተረጎሙም።

«አባቴ» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሳይነሣ ቀድሞ ይነሣ ነበር ይላል። የእኛን ደጅ፣ የእነሱንም፣ የምንጣፍ ሠሪውንም። እስኪሞት ድረስ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያን ሁሉ ዘመን፣ ቬስትሊ በረዶ በጣለ ቁጥር ያዩዋት የነበረችው አሮጊት አንድ ቀን እንኳ አላዳለጣትም ነበር።

እኔ ቆሜ መስማት አልቻልኩም። ሥራ ቤቱ ወርጄ ሁለት ቀጫጭን የክዳን ጉማጅ፣ ትንሿን መጋዝና ኮላ ይዤ ተመለስኩ። ሽማግሌው በሁለት ጣቱ ከፍታውን አሳየኝ፤ የአባቱ ከፍ ያለው ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ መጋጠሚያ እኩል ለማድረግ የደከምኩ ሰው፣ ያን ዕለት መጋጠሚያ ሆን ብዬ አበላለጥኩ። እጄ እምቢ ይል ነበር። ሲያልቅ ሽማግሌው አንገቱን ዳሰሰና ሳቀ።

ነገር ግን ከአዲሱ ክዳን ስር የነፋሁት በረዶ በርሜል ሠሪው ደጅ ላይ እንደተከመረ ነበር። ልጠርገው ብዬ እጄን ስዘረጋ ወይዘሮ ፉሚኮ ያዙኝ። ከዚያ ወደ ኦድቫር ዞረው መዳፋቸውን ዘረጉ። ኦድቫር ኪሱን ዳበሰ፣ ብሩሹን አወጣ፣ እጀታውን ወደ እሳቸው አዙሮ ሰጣቸው።

ጎንበስ ብለው ጠረጉ። መጀመሪያ የአባታቸውን ደጅ፣ ቀጥሎ የዣንጥላ ሠሪውን፣ ቀጥሎ የምንጣፍ ሠሪውን። ሲጨርሱ ብሩሹን በካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። ኦድቫር መልሱልኝ አላላቸውም፤ እስከ ጡረታው ድረስ የእኔን ብሩሽ እየተዋሰ ሠራ።